ፓተርሰን ታንክና ኤፕሰን ቪ600፦ በ120 ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ያለው እንከን የማን ነው?

በ120 ፊልም (ከጀርባ ወረቀት ጋር በሚጠቀለለው ሰፊ ፊልም) ላይ ያለ እንከን በግልጽ የሚታየው ስካን ሲደረግ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወቀሰው ስካነሩ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ቀደም ብሎ፣ በጨለማ፣ ፊልሙ በኬሚካል በሚታጠብበት ታንክ ውስጥ ተሠርቶ አልቋል። እዚህ የምንገመግመው ብዙ ጊዜ አብረው የሚገዙ ሁለት ዕቃዎችን ነው፦ የእንግሊዙን ፓተርሰን ሱፐር ሲስተም 4 ታንክ (ሁለት ባለ35 ሚሊ ሜትር ወይም አንድ ባለ120 ጥቅል የሚይዘውን) እና ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 ስካነርን። ታንኩን ያለማመንታት ግዙ እንላለን። ስካነሩን ግን ድክመቱን አውቆ ለሚገዛ ብቻ።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር፦ «ፊልም ማጠብ» ስንል ከዲቨሎፐር (ምስሉን ከሚያወጣው ኬሚካል) እስከ ማድረቂያው ያለውን ሥራ በሙሉ ነው። ኬሚካሉን የሚያስወግደውን የመጨረሻውን ውሃ ግን «ማለቅለቅ» እንለዋለን፤ አለዚያ ይምታታል።

ማንን እንደምትወቅሱ ሳታውቁ ምንም አትግዙ። ኔጌቲቩን (ብርሃንና ጥላው ተገላብጦ የሚታይበትን የታጠበ ፊልም) መስኮት ላይ አስደግፋችሁ በማጉያ መነጽር እዩት። ሰንበሩ ወይም ነጠብጣቡ እዚያው ከታየ ስካነሩ ነጻ ነው። ካልታየ ፊልሙን አዙራችሁ፣ ራሱን ወደ ግርጌ አድርጋችሁ፣ እንደገና ስካን አድርጉ። እንከኑ ከምስሉ ጋር አብሮ ከዞረ የፊልሙ ነው፤ ቦታውን ሳይለቅ ከቀረ የስካነሩ ነው።

ቀጥሎ ከምስሉ ውጪ ያለውን ጠርዝ አንብቡ። ፋብሪካው ያተማቸው ፊደላትና ቁጥሮች የካሜራ ብርሃን አያስፈልጋቸውም፤ ስለዚህ የዲቨሎፐሩ ምስክሮች ናቸው። ፊደላቱ ጥቁርና ጥርት ያሉ ሆነው ምስሉ ከሳሳ ወይም ከሌለ ጥፋቱ የካሜራው ወይም የብርሃን ልኬቱ ነው። ፊደላቱም ምስሉም ከሳሱ ዲቨሎፐሩ ደክሟል፣ ቀዝቅዟል ወይም ጊዜው አጥሯል። ፊልሙ ፊደል እንኳ ሳይኖረው እንደ መስታወት ከጠራ ፊክሰሩ (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ከዲቨሎፐሩ ቀድሞ ገብቷል፤ ይህ መድኃኒት የለውም። ጠርዙ ብቻ ወደ ውስጥ እየተዥጎረጎረ ከጠቆረ ደግሞ ጥቅልሉ ስፑሉ (የፊልሙ መጠቅለያ ዘንግ) ላይ ላልቶ ተጠቅልሎ ብርሃን በጎን ገብቶበታል።

ወደ ታንኩ። የፓተርሰን ትልቁ ጥቅሙ ሪሉ፣ ማለትም ታንኩ ውስጥ ፊልሙ የሚጠመጠምበት መንኮራኩር ነው። ጠመዝመዝ አድርጎ በመሳብ ከ35 ወደ 120 ይሰፋል፤ ፊልሙንም ሁለቱን ጎኖች በየተራ እያወዛወዙ ያስገቡበታል። ትልቁ ድክመቱም እዚያው ነው። ፊልሙን የሚይዙት ትናንሽ የብረት ኳሶች እርጥበት ካገኛቸው ይጣበቃሉ፤ የ120 ፊልም ደግሞ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ሲገፋ ይታጠፋል። እጥፋቱ ኔጌቲቩ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ምልክት ይተዋል። ምልክቱ አይጠፋም፤ በኮምፒውተር ከመጠገን በቀር ሌላ መላ የለውም። ሪሉ የሚሠራው አጥንቱ ድረስ ሲደርቅ ብቻ ነው። ሁለቱን የፊልም ማዕዘኖች በመቀስ ጫፋቸውን ብቻ መቁረጥ በእጅጉ ይረዳል። ፊልሙ ከጀርባ ወረቀቱ ጋር የተያያዘበትን ፕላስተር ከወረቀቱ ላይ ቀስ ብላችሁ አላቁና በፊልሙ ጫፍ ላይ እጠፉት፤ ጫፉ ጠንክሮ ቀድሞ ይገባል። በፍጥነት ከተነጨ ግን ብልጭታ ይፈጥራል፤ ፊልሙም ላይ ይቀራል።

የመሀሉን ጥቁር ቱቦ መርሳት ሌላው የታወቀ ጥፋት ነው። ብርሃንን የሚከለክለው ክዳኑ ብቻ አይደለም፤ ቱቦውና ፈንል መሳዩ ክዳን ተገጣጥመው ነው። ቱቦው ከሌለ ፊልሙ በሙሉ ይጠቁራል።

መጠን። ለአንድ 120 ፊልም 500 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ለ35 የሚበቃው 290 ነው፤ በዚያ ልማድ የሚቀዳ ሰው የፊልሙ አንድ ጎን በቁመቱ ሙሉ ሳስቶ ያገኘዋል። መጠኑ ትክክል ሆኖም ያው ሳሳ ያለ ሰንበር ከታየ ሪሉ ሲገለበጥ በቱቦው ላይ ወደ ላይ ተንሸራቷል ማለት ነው። በተለይ አንድ ጥቅል በትልቁ ታንክ ውስጥ ሲታጠብ ይህ ይደርሳል። ባዶ ሪል ከላይ ደርቡበት፤ ዋጋ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ለናሙና ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ፊልም በ400 አይኤስኦ የተነሳ፣ በአይዲ-11 ዲቨሎፐር አንድ ለአንድ (250 ዲቨሎፐር በ250 ውሃ)፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 13 ደቂቃ ይፈልጋል። ታንኩን መገልበጡ በመጀመሪያው 10 ሰከንድ 4 ጊዜ፣ ከዚያ በየደቂቃው መጀመሪያ እንደገና 4 ጊዜ ነው። ከእያንዳንዱ በኋላ ታንኩን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጉት። ይህን የሚያልፍ ሰው ሰማዩ ላይ ትናንሽ ክብ ጥቁር ነጠብጣቦች ያገኛል፤ ፊልሙ ላይ ተለጥፎ የቀረ የአየር አረፋ ዲቨሎፐሩን ከልክሎ ኔጌቲቩ ላይ ጥርት ያለ ነጥብ ትቷል። ከታንኩ ጋር የሚመጣው ማሽከርከሪያ ዘንግ ለመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይሆናል፤ ብቻውን ግን ፈሳሹን በአንድ አቅጣጫ ስለሚያዞረው ለ120 አንመክረውም። ከ5 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ የሚጠይቅ ቅልቅልንም ተዉት፤ ዲቨሎፐሩ ተቀድቶ እስኪያልቅ ያለፈው ጊዜ ራሱ ልዩነት ይፈጥራል።

የታንኩ ውጫዊ ክዳን ያፈሳል የሚል ቅሬታ የተለመደ ነው፤ እውነትም አለው። መሀሉን ተጭናችሁ አየሩን አስወጥታችሁ ከከደናችሁት ግን ይይዛል። ጓንት አድርጉ።

ፊክሰር ላይ ስስታም አትሁኑ። ኢልፎርድ ራፒድ ፊክሰር ለ500 ሚሊ ሊትር 100 ፊክሰር በ400 ውሃ ይቀላቀላል፤ ጊዜው ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ነው። ትክክለኛውን ጊዜ ለማግኘት ቁራጭ ፊልም ብርጭቆ ውስጥ ጨምራችሁ ስንት ሰከንድ ላይ እንደጠራ ቁጠሩ፤ ያንን በሁለት አባዙ። መጥሪያው ጊዜ ፊክሰሩ አዲስ ከነበረበት በእጥፍ ከረዘመ ድፉት። ፊልሙ ወተት መስሎ ከወጣ ፊክሰር አንሶታል፤ በአዲስ ፊክሰር መልሳችሁ ብትነክሩት ይድናል። ሐምራዊ ቅላት ብቻ ከሆነ አትደንግጡ፤ የፊልሙ ማቅለሚያ ቅሪት ነው፣ በማለቅለቅ ይቀንሳል።

ማለቅለቁ ራሱ ብዙ ውሃ አይፈጅም። በኢልፎርድ ዘዴ ታንኩን ሞልታችሁ 5 ጊዜ፣ ደፍታችሁ ሞልታችሁ 10 ጊዜ፣ እንደገና 20 ጊዜ ገልብጡ። ውሃው በየቀኑ በማይመጣበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የውሃው ሙቀት ከኬሚካሎቹ ብዙ አይራቅ፤ ድንገተኛ ለውጥ ኢመልሽኑን (ምስሉን የያዘውን የፊልሙን ሽፋን) እንደ ደረቀ ጭቃ ሊሰነጣጥቀው ይችላል። መጨረሻ ላይ በተጣራ ውሃ ኢልፎቶልን (ውሃው እድፍ ሳይተው እንዲወርድ የሚረዳውን ፈሳሽ) 1 ለ200 ቀላቅሉ፤ ለ500 ሚሊ ሊትር 2.5 ብቻ። አብዝቶ መጨመር ራሱ እድፍ ያመጣል። ፊልሙን ከሪሉ አውጥታችሁ ንከሩት፤ ሪሉ በዚህ ፈሳሽ ደጋግሞ ሲነከር መጣበቅ ይጀምራል።

በዕቃውም በእጅም የማይሳበብ አንድ እንከን አለ፦ የጀርባ ወረቀቱ ቁጥሮችና ነጥቦች ምስሉ ላይ መታተም። ሰማይን በመሰለ ወጥ ቦታ ላይ ይታያል። በ2016 እ.ኤ.አ. ኮዳክ አላሪስ ችግሩ የታየባቸውን የትራይኤክስ 400፣ የቲማክስ 400 እና የቲማክስ 100 ፊልሞች የምርት ቁጥሮች ለይቶ አስታውቋል። ሙቀትና እርጥበት ያባብሰዋል፤ የተነሳን ጥቅል ወር ሙሉ መኪና ውስጥ አታቆዩ።

አሁን ስካነሩ። ሳጥኑ ላይ 6400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች) ይላል፤ ፊልም ላይ በእውነት የሚለየው ግን 1600 አካባቢ ነው። ስለዚህ በ2400 ስካን አድርጉ። አንድ 6 በ6 ምስል 5,290 ፒክስል ገደማ በየጎኑ ይሆናል፤ በ16 ቢት ግራጫ 56 ሜጋባይት። በ6400 ብታደርጉት ፋይሉ ወደ 400 ሜጋባይት ያብጣል፣ ዝርዝር ግን አይጨምርም። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ለሚያህል ህትመት ቪ600 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲያትሙ ልስላሴው ይታያል።

ዲጂታል አይስ የሚባለውን የአቧራ ማጥፊያ ዝጉት። በኢንፍራሬድ ጨረር ነው የሚሠራው፤ የጥቁርና ነጭ ፊልም ብር ደግሞ ጨረሩን ስለሚከለክል ማሽኑ ምስሉን ራሱን አቧራ አድርጎ ያነበዋል፤ ውጤቱ ዝርዝሩ የተፋቀ ፊት ነው። በሲ-41 (በቀለም ፊልም ማጠቢያ ኬሚካል) የሚታጠበው ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ሱፐር ላይ ግን ብር ስለማይቀር ይሠራል። ምስልን የሚያሾለውንና በሶፍትዌር አቧራ የሚያጠፋውን ምርጫም ዝጉ። በስካነሩ ሶፍትዌር ላይ «ተምኔል» (ክፈፎቹን ራሱ የሚመርጥ) የሚለውን ምልክት አንሱትና ክፈፉን በእጃችሁ አስምሩ፤ ራሱ ሲመርጥ የምስሉን ጠርዝ ይቆርጣል፣ ብርሃንና ጥላውንም ይገድላል።

የመጨረሻው ደካማ ነጥብ የ120 መያዣው ነው። ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ከፍታው አይስተካከልም፣ የተጠማዘዘ ፊልም አይወጥርም። ፊልሙ መሀሉ ወርዶ መስታወቱን ከነካ የኒውተን ቀለበት ይመጣል፦ ዘይት ውሃ ላይ እንደሚሠራው ዓይነት ክብ ሞገድ። ፊልሙን በመከላከያው ውስጥ አድርጋችሁ ከከባድ መጻሕፍት ሥር አሳድሩት። ካልተስተካከለ ደብዛዛውን የኢመልሽን ገጽ ወደ ታች አዙራችሁ ስካን አድርጉ፤ መሀሉ ወደ ላይ ይጎብጣል። ከዚያ ምስሉን በሶፍትዌር ግራ ቀኝ ገልብጡት። ጥራቱ ካላረካችሁ ከመያዣው እግሮች ሥር ወረቀት እየደረባችሁ በየከፍታው ስካን አድርጉና የፊልሙ ቅንጣት በደንብ የሚለይበትን ያዙ። ቪ850 ከፍታው የሚስተካከል መያዣ ይዞ ይመጣል፤ ዋጋው ግን ከቪ600 እጥፍ በላይ ነው። ለጥቁርና ነጭ ብቻ ከሆነ ሌላ ድርጅት የሚሠራውን ቀለበት የማያመጣ መስታወት ያለው መያዣ መግዛት ይሻላል።

በምስሉ ቁመት ሙሉ የሚወርድ ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ካያችሁ ፊልሙን አትመርምሩ። ስካነሩ ራሱን የሚያስተካክልበት የመስታወቱ የላይኛው ክፍል ላይ ብናኝ ተቀምጧል። እሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ የመያዣውም ጠርዝ እንዳይሸፍነው።

ያገለገለ ቪ600 የምትገዙ ከሆነ ከሻጩ ፊት ይህን አድርጉ፦ የክዳኑ ገመድ መሰካቱን እዩ፣ ነጩን ንጣፍ አውጡ፣ ምንም ፊልም ሳታስገቡ በፊልም ምርጫ 2400 ላይ ስካን አድርጉና ንፅፅሩን እስከ መጨረሻው ሳቡት። በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለ እድፍና የዳሳሹ መስመር ሁሉ ይወጣል። የውጩ ገጽ ተጠርጎ እድፉ ካልለቀቀ ወይ ዋጋውን አስቀንሱ፣ ወይ ተዉት።