ሲቪሲአርኤም፦ የለጋሾችን መዝገብ በጥንቃቄ ለሚይዙ ድርጅቶች

ሲቪሲአርኤም የለጋሾችን መረጃና ስጦታ የሚይዝ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ዎርድፕረስ፣ ድሩፓልና ጁምላ ከሚባሉት የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራሞች ጋር ይሠራል። የፈቃድ ክፍያ ባይኖረውም ሰርቨር፣ ተከላና ጥገና ገንዘብ ይፈልጋሉ። ይህ በበጀት ካልተያዘ ሥራው መሃል ላይ ይቆማል።

ትልቁ ጥቅሙ እያንዳንዱን ስጦታ ከታለመለት ዓላማ ጋር መመዝገቡ ነው። ለውሃ ጉድጓድ የተሰጠ ገንዘብ ሳይነገረው ለደመወዝ የዋለበት ለጋሽ ዳግም አይሰጥም፤ ስለዚህ ገና ሲጀመር ለየፕሮጀክቱ የራሱን የገቢ ዓይነት ክፈቱ። ደረሰኙም ክፍያው እንዳለቀ በኢሜይል በራሱ እንዲሄድ አድርጉ። አምና ሰጥተው ዘንድሮ ያልሰጡትን የሚለይ ሪፖርት አለው። እሱን በየወሩ አውጥቶ ለሰዎቹ መደወልና ገንዘባቸው ምን እንደሠራ መንገር አዲስ ለጋሽ ከማሳደድ እጅግ ይሻላል።

ክሮን የሚባለው ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳ ፕሮግራም በሰርቨሩ ላይ ካልተስተካከለ የጅምላ ኢሜይልና ማስታወሻ አይወጣም፤ እናንተ ግን የተላከ ይመስላችኋል። የለጋሾች ስም ከኤክሴል ዝርዝር ሲገባ ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ሦስቴ ሊመዘገብ፣ ሦስት የምስጋና ደብዳቤም ሊደርሰው ይችላል። አስቀድማችሁ የስልክና የኢሜይል አጻጻፉን አንድ ዓይነት አድርጉ፣ በ20 ስም ሞክሩ፣ ከዚያ የድግግሞሽ ማጣሪያውን አስኪዱ።

የቴክኒክ ሰው ለሌለው ትንሽ ድርጅት አልመክረውም።