ታድሶ የሚሸጥ ቫኪዩም ክሊነር ቢገዛ ያዋጣል?

ታድሶ የተሸጠልኝን ባለገመድ ቫኪዩም ክሊነር ስፈትሽ በቅድሚያ ያየሁት የብሩሹን ዘንግ ነው፤ የውጭ አካሉ በጨርቅ ተወልውሎ አዲስ ሊመስል ይችላልና፣ በዘንጉ ጫፍና በኩሽኔታው መካከል የተጠመጠመ ፀጉር መኖር አለመኖሩ ግን ማሽኑ በእርግጥ ተፈትቶ መታደሱን ወይም አለመታደሱን ያጋልጣል። የእኔው ንጹሕ ነበር፤ በጣት ሲገፋም ያለ አንዳች ድምፅ ይዞራል። የመሳብ ኃይሉም አላሳፈረኝም፤ የቱቦውን አፍ በመዳፌ ስደፍነው አጥብቆ ይይዛል።

ቅሬታዬ በማጣሪያው ላይ ነው። በአሜሪካ መስፈርት የሄፓ ማጣሪያ 0.3 ማይክሮሜትር የሚያህሉ ብናኞችን ቢያንስ 99.97 በመቶ ማስቀረት ይኖርበታል፤ የተቀደደ ማጣሪያ ወይም የላላ የጎማ ማሸጊያ ግን ደቃቁን አቧራ መልሶ ወደ ክፍሉ ይበትናል፤ ይህም አስም ላለበት ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ሻጩ አሮጌውን ማጣሪያ ሳይለውጥ «ታድሷል» ማለቱ ተገቢ አይመስለኝም፤ የአዲሱን ማጣሪያ ዋጋ ደምሬም ቢሆን ግን ግዢው አዋጥቶኛል።

ባለባትሪ ለሚፈልግ ሰው ምክሬ ይለያል። የሊቲየም ባትሪ በተሞላና በተራገፈ ቁጥር፣ እንዲሁም ሳይሠራበት በተቀመጠበት ዕድሜ ልክ አቅሙን እያጣ ስለሚሄድ፣ ባትሪው አዲስ መሆኑ በጽሑፍ ካልተረጋገጠና ዋስትናው ባትሪውን ጭምር ካልሸፈነ ባይገዛ እመርጣለሁ። ባለገመዱን ግን፣ ሲሠራ የመቃጠል ሽታ ከሌለውና መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ ከሆነ፣ ያለማመንታት እመክራለሁ።