የባሕር ኤሊ ለማየት የትኛው ደሴት ይሻላል? ሴንት ጆን፣ ኩሌብራ፣ ኩራሳኦ ወይስ ባርቤዶስ

ወደ ካሪቢያን የሚጋብዝ ማስታወቂያ ሁሉ ኤሊ አለበት። ማስታወቂያው ብዙውን ጊዜ አይዋሽም፤ አረንጓዴ ኤሊ በእነዚህ ደሴቶች ዓመቱን ሙሉ አለ። ገዢው መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ኤሊው እዚያ ቦታ ምን ሊበላ ይመጣል? ሣር ሊግጥ የመጣ ኤሊ ሰውን ከቁብ አይቆጥርም። አንገቱን ደፍቶ ይግጣል፣ ወጥቶ ይተነፍሳል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ዓሣ የሚጣልለት ኤሊ ግን ሰው ሲያይ ይመጣል። ይህኛው ለፎቶ ይመቻል፤ ለጣት ግን አይመችም።

ከታች ካሉት አራት ቦታዎች ሁለቱ የሣር፣ ሁለቱ የዓሣ ናቸው። ዋጋውም፣ ወረቀቱም፣ የሚያስፈልገው የዋና ችሎታም ይለያያል።

የሣር ቦታዎች፦ ማሆ ቤይ እና ታማሪንዶ

ማሆ ቤይ ያለው በአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች፣ በሴንት ጆን ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውስጥ ነው። ሴንት ጆን አየር ማረፊያ የላትም። ሴንት ቶማስ ላይ ከአውሮፕላን ወርደው፣ ሬድ ሁክ ከሚባለው ወደብ 20 ደቂቃ ያህል በጀልባ ተጉዘው ክሩዝ ቤይ ይገባሉ። ከዚያ በታክሲ ወይም በኪራይ ጂፕ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ጂፕ ለሚከራይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መኪናው እንደ አሜሪካ መኪና መሪው በግራ ነው፣ የሚነዳውም በመንገዱ ግራ በኩል ነው። ዳገትና ጥምዝ ሲጨመርበት ለመጀመሪያ ቀን ያደናግራል።

የማሆ ቤይ ዳርቻ አሸዋማ ነው፤ ውሃው ቀስ እያለ ይጠልቃል። ትንሽ ገባ ሲሉ አሸዋው ያልቅና የባሕር ሣሩ ይጀምራል። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 4 ሜትር ስለሆነ ከላይ ተንሳፎ ሁሉን ማየት ይቻላል፤ ትንፋሽ ይዞ መጥለቅ አያስፈልግም።

ኤሊ ፍለጋ ወሽመጡን መዞር ጉልበት መጨረስ ነው። ይልቅ የተቆረጡ የሣር ቅጠሎች ውሃው ላይ ሲንሳፈፉ ካዩ እዚያው ይቁሙና ወደ ታች ይመልከቱ። አረንጓዴ ኤሊ ሣሩን ከግርጌው አጠገብ ይቆርጠዋል፤ ያረጀው የላይኛው ክፍል ይንሳፈፋል። እሱ የሚፈልገው ከሥር የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ስለሆነ ወደዚያው ቦታ ደጋግሞ ይመለሳል። ረጅም ሣር መሐል እንደ ተላጨ ራስ አጭር ሆኖ የቀረ መደብ ካለ፣ ባለቤቱ ሩቅ አይደለም። ጀርባው ላይ ቀጭን ረጅም ዓሣ ተለጥፎ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ሬሞራ ይባላል፣ በራሱ ላይ ባለው መምጠጫ ተጣብቆ የሚሳፈር ነው።

ኤሊው እየጋጠ ሳለ በየጥቂት ደቂቃው ለትንፋሽ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሲወጣ ሲያየው በደስታ ወደ እሱ ይቀዝፋል፣ ኤሊው አየር ሳይስብ ዞሮ ይወርዳል፣ ከዚያም ቦታውን ለቆ ይሄዳል። ከ3 እስከ 5 ሜትር ርቀው፣ ከጎኑ ሆነው፣ ከእሱና ከውሃው ወለል መሐል ሳይገቡ እጅዎን ሰብስበው ይንሳፈፉ። መጋጡን ካቆመና አንገቱን ካቀና ቀርበውታል ማለት ነው፤ ወደኋላ ይበሉ። እንዲህ ላደረገ ሰው አንድ ኤሊ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሊታይ ይችላል።

ታማሪንዶ የፖርቶ ሪኮ አካል በሆነችው በኩሌብራ ደሴት ነው፤ በ1999 የተቋቋመው የሉዊስ ፔኛ ቻነል የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል ውስጥ ይገኛል። ዓሣ ማጥመድ የተከለከለበት ስለሆነ ከኤሊው ሌላ የሚታየው ዓሣም ብዙ ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፦ በፖርቶ ሪኮ ዋናው ደሴት ካለው ከሴይባ ወደብ የሚነሳው የሕዝብ ጀልባ ትኬት ከ5 ዶላር በታች ነው። ችግሩ ትኬቱ ቀድሞ ማለቁ ነው። ለነዋሪዎች ቅድሚያ ይሰጣል፤ በበዓልና በሳምንት መጨረሻ ያለ ቅድመ ግዢ ወደብ መሄድ ቀን መጣል ነው። ከፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ ከሳን ሁዋን የተከራዩትን መኪና ጀልባው ላይ መጫን አይችሉም፤ ኩሌብራ ላይ ጂፕ ወይም የጎልፍ ጋሪ ይከራያሉ። የመግቢያው ዳርቻ ድንጋያማ ስለሆነ የውሃ ጫማ የግድ ነው።

ኩሌብራ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እስከ 1975 ድረስ የተኩስ ልምምድ ያደረገባት ደሴት ናት። ያልፈነዳ ነገር ዛሬም ሊገኝ ይችላል፤ ዝገት የያዘ ብረት ውሃ ውስጥ ቢያዩ አይንኩ። ፍላሜንኮ ዳርቻ ላይ ያለውን የተሳለ ታንክ ግን ሁሉም ሰው ፎቶ ይነሳበታል።

ስለ ሣሩ ካነሳን አይቀር፦ በ2002 ግሬናዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየና ከዚያ ወዲህ በካሪቢያን የተዛመተ ባለ አጭር ቅጠል የባሕር ሣር አለ። አገሩ የእኛው ጎረቤት ቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ነባሩን ሣር እየገፋ ስለሆነ ሳይንቲስቶች አልወደዱትም። ኤሊዎቹ ግን ይበሉታል።

የዓሣ ቦታዎች፦ ፕላያ ፒስካዶ እና ባርቤዶስ

ፕላያ ፒስካዶ፣ በሌላ ስሙ ፕላያ ግራንዲ፣ ከኩራሳኦ ዋና ከተማ ከቪለምስታድ በመኪና ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ርቆ ቬስትፑንት የሚባል መንደር ላይ ነው። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን አስጠግተው ዓሣቸውን እዚያው ያጸዳሉ፤ ትርፍራፊው ውሃ ውስጥ ይወድቃል፣ ኤሊዎቹም ይሰበሰባሉ። መግቢያ አይከፈልም፣ ጀልባ አይያዝም፣ ከዳር ጥቂት ሜትር ገብቶ ማየት ይቻላል። ኤሊ ሳያይ የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው። የሚመቸው ሰዓት ጀልባዎቹ የሚገቡበት ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ያለው ነው።

ቦታው ግን መዝናኛ ከመሆኑ በፊት የሥራ ቦታ ነው። ጀልባ ሞተሩን አስነስቶ ይገባል ይወጣል፤ ከጀልባ ማሰሪያው ድልድይ አጠገብና በጀልባዎቹ መስመር ላይ አይንሳፈፉ። የተጣለ መንጠቆና የናይሎን ክር አለ። ዳርቻው ጠጠር ነው። ጥላና መኪና ማቆሚያው ጠባብ ስለሆነ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት መድረስ ይሻላል። ቤተሰብ ይዞ ቀኑን ሙሉ መዋል ለሚፈልግ አይሆንም፤ አንድ ሰዓት ተኩል አይቶ ወደ ሌላ ዳርቻ መሄድ ነው።

ባርቤዶስ ላይ የሚሸጠው በአብዛኛው የጀልባ ጉዞ ነው። ካታማራን (ሁለት ቀፎ ያለው ትልቅ ጀልባ) ከብሪጅታውን ተነስቶ በምዕራቡ ዳርቻ ሁለት ቦታ ይቆማል፤ አንዱ ኤሊ ነው፣ አንዱ ካርላይል ቤይ ውስጥ የሰመጡ መርከቦች ናቸው። ምሳ፣ መጠጥ፣ ማስክ፣ ከሆቴል መውሰድና መመለስ ይጨመርበታል። ለአንድ አዋቂ ከ100 የአሜሪካ ዶላር በላይ ይጠብቁ፤ በትንሽ ጀልባ ለአንድ ሰዓት የሚወስዱት ዋጋቸው ከዚህ ያንሳል። ዋጋው በየትኛው ዶላር እንደተነገረዎ ያጣሩ፤ ሁለት የባርቤዶስ ዶላር አንድ የአሜሪካ ዶላር ነው።

ማስታወቂያው ላይ ከጉዞው አምስት ሰዓት ውስጥ ውሃ ላይ የሚቆዩት ስንት ደቂቃ እንደሆነ አይጻፍም። ኤሊው ዘንድ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ በዚያ ሰዓት ሌሎች ጀልባዎችም እዚያው ናቸው። አንዳንድ አስጎብኚ ኤሊው እንዲቀርብ ዓሣ ይጥላል። አዋቂ አረንጓዴ ኤሊ በተፈጥሮው ሣር በል ነው፤ ዓሣ የለመደ ኤሊ ከሰው እጅ ይጠብቃል፣ ጀልባ ሲሰማ ከመሸሽ ይልቅ ይቀርባል፣ ውሃ ውስጥ የሚወዛወዝ ጣትንም ከዓሣ ቁራጭ አይለይም። ጥርስ የለውም፣ መንጋጋው ግን ሣር የሚቆርጥ ስለታም ነው።

ዓሣ መጣልን ለማይወድ ባርቤዶስ ላይ ሌላ መንገድ አለ። የደሴቲቱ ዳርቻዎች ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ ጠዋት ፔይንስ ቤይ ላይ ወይም ካርላይል ቤይ ላይ በራስ ገብቶ ኤሊ መፈለግ ይቻላል። ዋስትና የለውም፤ ክፍያም የለውም።

ዋና ለማይችል

ከአራቱ አንድ ምረጡ ከተባለ ማሆ ቤይ ነው። ቁመትዎ በሚደርስበት አሸዋ ላይ ቆመው ማስኩን መለማመድ ይችላሉ፣ የጀልባ መስመር በተንሳፋፊ ምልክቶች ተለይቷል፣ ውሃውም ብዙ ጊዜ የረጋ ነው። ካታማራን በአንጻሩ ጥልቅ ውሃ ላይ በመሰላል ያወርድዎታል፤ ለጀማሪ የሚያስፈራው ይህ ነው፣ ምንም እንኳ ረዳት አብሮ ቢወርድ። በየትኛውም ቦታ በአፍ የሚነፋ የስኖርክል (ፊትን ውሃ ውስጥ አድርጎ በቱቦ እየተነፈሱ የመንሳፈፍ) ሰደሪያ ይልበሱ። የጀልባው ወፍራም ላይፍ ጃኬት አገጭን ወደ ላይ ስለሚገፋ ፊትን ውሃ ውስጥ ማስገባት ያስቸግራል።

ማስኩን ሲመርጡ ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊትዎ ላይ ይለጥፉና በአፍንጫ ወደ ውስጥ ይሳቡ፤ እጅዎን ለቀው ካልወደቀ ልክዎ ነው። ውሃ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ማስኩ ሳይሆን ጠርዙ ሥር የገባ ፀጉር ነው። ሹሩባ ያላት ሴት ፀጉሯን በዋና ቆብ ሰብስባ፣ የማስኩ ጎማ ቆዳ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ታድርግ። ወፍራም ጺም ከከንፈር በላይ ውሃ ያሳልፋል፤ ትንሽ ቫዝሊን ይረዳል። አዲስ ማስክ ከፋብሪካ የመጣ ስስ ቅባት ስላለበት ይጨልማል፦ ውስጡን በጥርስ ሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ አሽተው ይጠቡት። ከዚያ ወዲያ አንድ ጠብታ የሕፃን ሻምፖ ቀብቶ ቶሎ ማለቅለቅ በቂ ነው። ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን ማስክ አንመክርም፤ ውሃ ሲገባበት ከአፍ ተፍቶ መገላገል አይቻልም።

የፀሐይ ቅባት ከመግዛትዎ በፊት ጀርባውን ያንብቡ። የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ኦክሲቤንዞን፣ ኦክቲኖክሴት እና ኦክቶክራይሊን ያለባቸውን ከመጋቢት 2020 ጀምረው ከልክለዋል። እጅጌው ረጅም የዋና ልብስ ከቅባቱ ይበልጣል፤ ስኖርክል የሚያደርግ ሰው የሚቃጠለው ጀርባውና ከጉልበቱ በስተኋላ ነው።

ወረቀትና ወቅት

አሜሪካ ለሚኖር፣ ግሪን ካርድም ሆነ ዜግነት ላለው፣ ሴንት ጆንና ኩሌብራ ቪዛ አያስፈልጋቸውም፤ የአሜሪካ ግዛት ናቸው። ነገር ግን ከሴንት ቶማስ ሲመለሱ አየር ማረፊያው ላይ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ፍተሻ አለ። ግሪን ካርዱን ቤት ትቶ መሄድ አይገባም፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ደግሞ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ጠበቃውን ያነጋግር። ከኔዘርላንድስ ለሚነሳ ኩራሳኦ ከአምስተርዳም ቀጥታ በረራ አላት፤ ከለንደን ለሚነሳ ባርቤዶስ። ኩራሳኦ የሼንገን ክልል አካል ስላልሆነች የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የቪዛውን ነገር ለብቻው ያጣራ። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚጓዝ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ይያዝ።

የአውሎ ነፋሱ ወቅት በፈረንጅ አቆጣጠር ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ኩራሳኦ ከአውሎ ነፋሱ ዋና መስመር በስተደቡብ ስለምትገኝ በእነዚህ ወራት የመጀመሪያ ምርጫ ትሆናለች። ሴንት ጆንና ኩሌብራ በየካቲትና በግንቦት መሐል ይመረጣሉ። በታኅሣሥና በጥር ከሰሜን የሚመጣ ሞገድ ማሆ ቤይን አንዳንድ ቀን ያደፈርሰዋል፤ አሸዋው ሲነሳ ኤሊው ሁለት ሜትር ላይ ሆኖም አይታይም። ሳርጋሰም የሚባለው ቡናማ ተንሳፋፊ የባሕር አረም ከ2011 ወዲህ በፈረንጆቹ ፀደይና በጋ (ከማርች እስከ ኦገስት ገደማ) በብዛት ይመጣል፤ ባርቤዶስ ላይ የሚመታው በዋናነት ምሥራቁንና ደቡቡን ስለሆነ ሆቴል ሲይዙ ምዕራቡን ይምረጡ።

በየትኛውም ደሴት ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ነው። ነፋሱ ገና ነው፣ የመርከብ ጎብኚዎች አልወረዱም፣ ማሆ ቤይ ላይም መኪና ማቆሚያ ይገኛል።

ጀልባ የሚይዝ ሰው ከመክፈሉ በፊት አራት ነገር በስልክ ይጠይቅ፦ ለኤሊው ዓሣ ትጥላላችሁ ወይ? ኤሊው ዘንድ ውሃ ውስጥ የምንቆየው ስንት ደቂቃ ነው? ለአንድ ረዳት ስንት ሰው ይደርሳል? ነፋስ ቢነሳና ብትሰርዙ ገንዘቤ ይመለሳል ወይስ ሌላ ቀን ትሰጡኛላችሁ? ለመጀመሪያው ጥያቄ «አይ፣ ኤሊው ራሱ ነው የሚመጣው» ካሉ፣ ታዲያ ምን ሊበላ ይመጣል ብለው ይከተሉ። ሣር አለ የሚል መልስ ካገኙ ይክፈሉ።