ጓሮዬ ያለው የኮንክሪት ፓቲዮ አንድ የሚኒሶታ ዊንተር አለፈ፤ እንዴት ሆነ?

ባለፈው ኦገስት መጨረሻ ጓሮዬ ላይ ያስሞላሁት ፓቲዮ፣ ማለትም ደጅ መቀመጫ የሚሆን የኮንክሪት ወለል፣ የመጀመሪያውን ዊንተር ጨርሷል። በረዶው ጠፍቶ ሳሩ ሲለመልም በደንብ አጠብኩትና ተንበርክኬ አንድ በአንድ አየሁት። ገጹ አልተላጠም። የሰመጠ ቦታ የለም። ሲዘንብም ውሃ አይቋጥርም። አንድ ቀጭን ስንጥቅ አለው፤ እመጣበታለሁ። ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቼዋለሁ።

ቤቴ ሚኒያፖሊስ ዳርቻ ነው። ወለሉ 14 በ20 ፊት፣ ውፍረቱ 4 ኢንች ነው። ቀድሞ እዚያ ቦታ የእንጨት ዴክ ነበር፤ ግማሹ በስብሷል። እንጨት በየጊዜው ቀለም ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ለእሱ የምሰጠው ቅዳሜ የለኝም። ኮንክሪት ይሻላል ብዬ ብወስንም የጎረቤቴን እያየሁ እፈራ ነበር። የእሱ ፓቲዮ ገና ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ላዩ በስስ በስሱ እየተላጠ ጠጠሩ ወጥቷል። በመጥረጊያ ሲጠርገው አሸዋ ይነሳል።

ነገሩን ሳጣራ ጠላቱ ብርዱ ብቻውን እንዳልሆነ ገባኝ። ጠላቱ ውሃ ነው። ውሃ የሞላ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ረስታችሁ ታውቃላችሁ? ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጠርሙሱ ይሰነጠቃል። ኮንክሪትም ውስጡ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ውሃ ይጠጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከውስጥ ይገፋል። ለዚህ ነው ከጃንዋሪ ይልቅ ማርች የሚያስፈራው። ጃንዋሪ ላይ ከዜሮ ፋራናይት በታች ወርዶ ሲቆይ ኮንክሪቱ እንደደረቀ ተኝቷል፤ ምንም አይሆንም። ማርች ላይ ግን ቀን ይቀልጣል፣ ማታ ይቀዘቅዛል፣ በማግስቱ እንደገና ይቀልጣል። ኮንክሪቱን የሚጨርሰው ይህ ምልልስ ነው።

መፍትሔው አየር ነው። ሲቀላቀል ኬሚካል ይጨመርበትና በጣም ደቃቅ የአየር አረፋዎች ውስጡ ይቀራሉ፤ ከጠቅላላው መጠን 6 በመቶ ገደማ። ውሃው ሲቀዘቅዝ የሚሸሽበት ቦታ ያገኛል። አሜሪካኖች ይህን የደረሱበት በ1930ዎቹ ነው። አንዳንድ መንገዶች ከሌሎቹ ይልቅ በረዶን ሲቋቋሙ አዩና ምክንያቱን ሲፈልጉ፣ ሲሚንቶው በፋብሪካ ሲፈጭ ቅባት ነክ ነገር ገብቶበት አረፋ ፈጥሮ ተገኘ። አየሩ በበዛ ቁጥር ጥንካሬው ትንሽ ይቀንሳል። እኔ ያዘዝኩት 4,500 ፒኤስአይ (የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካበት፣ በካሬ ኢንች የሚሸከመው ፓውንድ) ስለሆነ ለፓቲዮ ከበቂ በላይ ነው።

አጎቴ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው። ዕድሜውን በግንባታ ፎርማንነት ያሳለፈ ሰው ነው። ደውዬ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ “ፌሮው ባለ ስንት ነው?” ብሎ ነበር።

“ባለ 10 ገደማ ነው ጋሼ። በየ18 ኢንቹ ይታሰራል።”

“ይበቃል። ሲሚንቶውንስ አብዝተህ አዘዝክ?”

“እሱስ ደህና ነው፤ ደግሞ አየር ይገባበታል።”

“ምን?”

“አየር፣ ጋሼ። አረፋ።”

“አንተ ልጅ፣ በዶላር አየር ገዛህ?” ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። “እኛስ ጋ ውርጭ የለም መሰለህ?”

አለ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ባቄላ ያቃጥላል። ግን ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል፤ መሬቱ ወደ ጥልቀት አይቀዘቅዝም። እዚህ የእኛ አካባቢ የግንባታ ሕግ የቤት መሠረት 42 ኢንች እንዲወርድ ያስገድዳል፤ ሰሜን ሚኒሶታ 60 ኢንች ነው። ፌሮውም ቢሆን ስንጥቅ እንዳይከፈት ይይዛል እንጂ ገጹ እንዳይላጥ አያደርግም። ጋሼ እስከ ዛሬ አላመነኝም።

ለፓቲዮ ግን መሠረት አይወርድም። ወለሉ ከመሬቱ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው ከታች ነው። የእኔ ግቢ አፈር ሸክላማ ነው፤ ውሃ ይይዛል። እንዲህ ያለ አፈር ሲቀዘቅዝ ከታች ውሃ እየሳበ የበረዶ ንብርብር ይሠራና ላዩ ያለውን ሁሉ ያነሳል። አፈሩን 10 ኢንች ቆፍረው አወጡት፤ 6 ኢንች የተፈጨ ጠጠር በሁለት ዙር አልብሰው በማሽን ደቀደቁት። ከመቆፈራቸው በፊት 811 ተደውሎ የጋዝና የመብራት መስመሮች ምልክት ተደረገባቸው። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ “ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ አያስፈልግም” የሚላችሁን አትስሙ።

ወለሉ ከቤቱ እየራቀ ሲሄድ በየፊቱ ሩብ ኢንች ይወርዳል። በ14 ፊት ላይ ሦስት ተኩል ኢንች ማለት ነው። በዓይን ብዙም አይታወቅም፤ ጠረጴዛም አያዘነብልም። ውሃው ግን መንገዱን ያውቃል። የጣሪያው ውሃ መውረጃም ድሮ የሚያፈስሰው በቀጥታ እዚያው ላይ ነበር፤ ቱቦ አስቀጥለው ወደ ሳሩ መለሱት። ከጠቅላላ ወጪው ምናልባት ርካሹ ሥራ ይህ ነው፤ እኔ ብጠየቅ ግን ከፌሮው አስቀድመዋለሁ።

ከቤቱ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ግማሽ ኢንች ስፖንጅ መሰል ነገር አለ። ጥቅሙን ያየሁት ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ወለሉ ትንሽ ተነስቶ ከበሩ ደረጃ ጋር ያለው ርቀት ጠቦ ነበር። ደነገጥኩ። ኤፕሪል ላይ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ይሰነጠቅ ነበር።

የሙሌቱ ቀን ዋናው ጭቅጭቅ ውሃ ላይ ነው። ሠራተኛ ኮንክሪቱ ቀጠን እንዲልለት ይፈልጋል፤ ለመዘርጋት ይቀለዋላ። ለአንድ ኪዩቢክ ያርድ ኮንክሪት አንድ ጋሎን ውሃ ስትጨምሩ በልምድ እንደሚባለው ጥንካሬው በ200 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። ቀዳዳውም ይበዛል፤ ዊንተር ላይ የሚቀዘቅዘው እዚያ የገባው ውሃ ነው። ስለዚህ ከሙሌቱ በፊት በውሉ ላይ አስጽፌያለሁ፦ የውሃና የሲሚንቶ ምጣኔው ከ0.45 አይበልጥም፣ ሚክሰሩ ከመጣ በኋላ ያለ እኔ ፈቃድ ውሃ አይጨመርም። ሾፌሩ የሚሰጠውን ደረሰኝ ተቀበሉና አንብቡት። የአየሩ መጠን፣ የውሃው መጠን፣ የተጫነበት ሰዓት ሁሉ እዚያ ላይ አለ። የእኔን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

ከዋጋ ጠያቂነቴ አንድ ነገር ልጨምር። ሦስት ኮንትራክተሮች አናግሬያለሁ። ርካሹ ስለ አየሩ ስጠይቀው “እኛ ሁሌም የምንሠራውን ነው የምንሠራው” አለኝ። እሱን ተውኩት። በመጨረሻ የከፈልኩት በካሬ ፊት 13 ዶላር ገደማ ነው፤ ከሦስቱ መካከለኛው። ድንጋይ የሚመስል ቅርጽ የሚታተምበት ዓይነትም አለ። ያምራል፤ ዋጋው በጣም ይጨምራል። በየጥቂት ዓመቱ የሚያብረቀርቅ ማሸጊያ ይፈልጋል፤ በረዶ ሲነካውም ያንሸራትታል። የእኔ ገና ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጠርጎ የሻከረ ነው። እናቴ ዲሴምበር ላይ በነጠላ ጫማ ወጥታበት አልወደቀችም። (ለምን በነጠላ ጫማ እንደወጣች አትጠይቁኝ።)

አንድ ሠራተኛ ገጹን በብረት ማለስለሻ ሊያሳምረው ጀምሮ ነበር፤ አለቃው አስቆመው። ውሃው ላዩ ላይ ሳይደርቅ ከተለሰለሰ ያ ውሃ ወደ ውስጥ ይታሸግና ላዩ ደካማ ቅርፊት ይሆናል። የጎረቤቴ በሽታ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ የእሱ ገጽ እንደ መስታወት የለሰለሰ ነበር። ከዚያ ለአንድ ሳምንት በላስቲክ ተሸፍኖ እርጥበቱን ጠብቆ ቆየ። ይህንን እንኳ ጋሼም ተስማምቶበታል። አገር ቤትም አዲስ ኮንክሪት ውሃ ይጠጣል።

አሁን ወደ ስንጥቋ። ወለሉ እንዳይሰነጠቅ ሳይሆን በተመረጠ ቦታ እንዲሰነጠቅ በማግስቱ በመጋዝ ማሽን ይቆረጣል። የእኔ በአራት ተከፍሏል፤ የመስመሮቹ ጥልቀት አንድ ኢንች፣ የውፍረቱ ሩብ። ጥሩ ነው። ግን የጓሮው በር ደረጃ ወደ ወለሉ የሚገባበት ጥግ አለ፤ ኮንክሪት እንዲህ ካለ ጥግ መሰንጠቅ ይወዳል። መስመሩ እዚያ ጥግ ላይ እንዲያርፍ መደረግ ነበረበት፤ ሁለት ፊት አሳልፈው ቆረጡት። ኖቬምበር ላይ ከጥጉ ተነስታ ሰያፍ የሄደች ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። ፎቶ ስልክለት ኮንትራክተሩ “የማይሰነጠቅ ኮንክሪት የለም” ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ለእኔ ጥያቄ መልስ አይደለም። ውሃ እንዳይገባባት በፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ሞላኋት። ዊንተሩን ሙሉ አልሰፋችም።

ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ፣ ኮንክሪቱ ወር ካለፈው በኋላ፣ ወደ ውስጥ የሚሰርግ የሳይሌን ማሸጊያ ቀባሁት። ቀለሙን አይቀይርም፤ የተቀባ አይመስልም። ውሃ ሲፈስበት ግን ጠብ ጠብ ብሎ ይሸሻል። ይህ ዕቃ ለገንዘቡ ይገባዋል።

ጨው ግን በጭራሽ። በተለይ በመጀመሪያው ዊንተር። ጨው በረዶውን አቅልጦ ኮንክሪቱን በውሃ ያጠግበዋል፤ መቀዝቀዝና መቅለጡንም ያበዛዋል። አሞኒየም ናይትሬት ወይም አሞኒየም ሰልፌት ያለበት ከሆነ ደግሞ ኮንክሪቱን ራሱን ይበላዋል፤ አንዳንድ የሳር ማዳበሪያ ውስጥም ስላሉ ስትበትኑ ተጠንቀቁ። ከረጢቱ ላይ “ለኮንክሪት አያሰጋም” የሚል ጽሑፍ አይቼ አላመንኩም። በፕላስቲክ አካፋ እጠርጋለሁ፤ ካንሸራተተ አሸዋ እበትናለሁ። በቃ።

ለእኛ ቤት የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ የአሜሪካኖቹ ምክር ውስጥ አታገኙትም። ቡና ደጅ ስታፈሉ የከሰል ምድጃውን በቀጥታ ኮንክሪቱ ላይ አታስቀምጡ። ውስጡ ያለው እርጥበት በድንገት ሲግል እንፋሎት ይሆንና ላዩን አፈንድቶ ይልጠዋል። እኛ ሁለት የእሳት ጡብ ከሥሩ እናደርጋለን። ዘይትም እንዲሁ ነው። ለገና ዶሮ ወጥ ደጅ በጋዝ ስንሠራ ቀዩ ዘይት ፈስሶ ነበር። ቶሎ የድመት አሸዋ ነስንሰን፣ ኋላ በዕቃ ሳሙና አጠብነው። ማሸጊያው ባይኖር ኖሮ ጠልቆ ይቀር ነበር፤ አሁን ፈልጎ ለሚያይ ብቻ ደብዛው አለ።

ቀጥሎ ያሰብኩት ጥላ የሚሆን ጣሪያ ማሠራት ነው። አንድ ሰው ምሰሶዎቹን ወለሉ ላይ በቡሎን ላስርልህ አለኝ፤ አይሆንም። ወለሉ በየዊንተሩ ይነሳል፣ ይወርዳል። ጣሪያው ደግሞ አንድ ጎኑ ከቤቱ ጋር ስለሚያያዝ አብሮ መነሳት አይችልም። ምሰሶዎቹ ከወለሉ ውጭ፣ 42 ኢንች ወርደው፣ በራሳቸው መሠረት መቆም አለባቸው፤ ከከተማው ፈቃድም ይፈልጋሉ። ዋጋውን እየጠየቅሁ ነው።