ቱሉ ዲምቱና አካባቢው ላላችሁ፦ የጸሎት ቦታ የሚሰሩ ጎበዝ አናጺ ልጠቁማችሁ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ስንት ጊዜ ዘገየሁ፣ ምስጋናም ነው ጥቆማም ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ትንሽ የቆርቆሮ ወርክሾፕ ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ፣ ዋና ስራቸው በርና ቁምሳጥን ነው፣ ግን የስዕለ አድኅኖ (የጌታ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስዕል) ማስቀመጫና አትሮንስ (የጸሎት መጽሐፍ ማንበቢያ) እንደሳቸው የሚሰራ እኔ በበኩሌ አላየሁም።

የኛ ቤት ባለ አንድ መኝታ ናት፣ ስዕላችን ፍሪጅ ላይ፣ ዳዊቱ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ውዳሴ ማርያም ቦርሳዬ ውስጥ፣ ጠዋት ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ካልወጣሁ የመገናኛ ሰልፍ አይቀመስም፣ እና ጸሎቱ ሁሌ "ታክሲ ውስጥ አደርሰዋለሁ" እየተባለ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ይሆናል። ለዛ ነው አንድ ቋሚ ቦታ ይኑረን ብለን ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው። መጀመሪያ ያናገርነው ሌላ አናጺ ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ፣ እሱን ለእግዜር ትተነዋል።

ጋሼ ሲመጡ ስለ እንጨት የሚያወሩ መስሎኝ ነበር፣ በር ላይ ጫማቸውን እያወለቁ "ምስራቁ በየት ነው?" አሉ። እኔ ከቲቪው ጎን አስቤ ነበር፣ "እሱ ምዕራብ ነው ልጄ፣ ደግሞ ስዕል ከቲቪ ጋር ምን አገናኘው" ብለው በመስኮቱ በኩል ያለውን ግድግዳ መረጡ። ከዛ ያላሰብኩትን አደረጉ፣ ሜትሩን ለልጄ አስይዘው ራሳቸው ሲሚንቶው ላይ ስግድ አሉ፣ ግንባራቸው ያረፈበት ጋ ልጁን በእርሳስ ምልክት አስደርገው ተነሱና "ሶፋው አንድ ክንድ ይጠጋልኝ፣ በጾም ስትሰግዱ ጭንቅላታችሁን ትመታላችሁ" አሉ። የአትሮንሱን ቁመት የለኩት ደግሞ ዳዊቱን አስይዘው አቁመውኝ ነው፣ ቆሜ ሳነብ እንዳላጎነብስ።

የሰሩት ከላይ ባለ መጋረጃ የስዕል ሳጥን፣ ከስሩ ተጣጥፎ የሚገባ የዋንዛ አትሮንስ፣ ለጧፍ ደግሞ ከመጋረጃው ራቅ ብሎ የሚወጣ አሸዋ ያለው የብረት መሳቢያ። መብራት ጠፍቶ ጧፍ ስናበራ የምፈራው መጋረጃውን ነበር፣ እሱን ተገላገልን። ብሎኬቱን ሲበሱ እንኳን አቧራውን የሚቀበል ካርቶን ከስር ይዘው ነው!

ግን ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ እንጨቱ ብቻ አይደለም። ልጅነታቸውን ጎጃም የቆሎ ተማሪ ሆነው ነው ያሳለፉት፣ ሰፈሩ መሪጌታ ሲላቸው "እኔ ዜማ ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ" እያሉ ይስቃሉ። ቫርኒሹ እስኪደርቅ ቡና አፍልቼ ስናወራ ከሰኞ ጀምሮ የየቀኑን ዳዊት ልደግም አስቤያለሁ አልኳቸው። "የሰኞ ስንት ነው?" አሉኝ። 3 ንጉሥ (አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው)፣ ማለትም ከ1 እስከ 30 ያለው መዝሙር አልኳቸው። "ማክሰኞም 3፣ ረቡዕ 2፣ ሐሙስ እንደገና 3። አንቺ ደግሞ በለሊት ታክሲ የምትሳፈሪ ሰው ነሽ፣ ሐሙስ ላይ ትተዪዋለሽ" አሉኝ። የዘወትር ጸሎት አድርሺ፣ ውዳሴ ማርያም ለ7ቱ ቀን ስለተከፋፈለ የዕለቱን ብቻ ድገሚ፣ ከዳዊቱ አንድ መዝሙር ይበቃሻል፣ ልኩን ግን እኔ አናጺው ሳልሆን የንስሐ አባትሽ ይስጡሽ አሉ። ፍትሐ ነገሥት (የቤተክርስቲያኗ የሕግ መጽሐፍ) ስለሚያዘው በቀን የ7 ጊዜ ጸሎት ስጠይቃቸውም "6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት ነው፣ ቢሮ ሆነሽ በልብሽ አቡነ ዘበሰማያት አያቅትሽም" ብለው በዛው ዘጉት። የንስሐ አባቴም ሳማክራቸው ከዚህ ብዙ አልራቁም፣ ማታ ላይ ከልጁ ጋር አብራችሁ የምትቆሙበትን ጨመሩልኝ።

አሁን ማታ ማታ መጋረጃውን የሚገልጠው ልጃችን ነው፣ ማንም እንዲቀድመው አይፈልግም። ጠዋትም ስልክ አልነካም፣ ድሮ በስልክ ላነብ ከፍቼ ሶስተኛው መስመር ላይ ቴሌግራም ውስጥ ነበርኩ።

እንከን ካላችሁኝ ይዘገያሉ። ወር በገባ በ12፣ በ21፣ በ29 በዓል ስለሚያከብሩ መዶሻ አያነሱም፣ እየደወላችሁ ብትጨቀጭቋቸውም ያው ነው፣ ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ካላንደር እያያችሁ። ረቡዕና አርብ ቤት ከመጡ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ውሃም አይቀምሱም፣ እንዳትቀየሟቸው። ዋጋው እንደ እንጨቱ ነው፣ በኤምዲኤፍ ካሰራችሁ ይቀንሳል፣ ለአትሮንስ ግን ኤምዲኤፍ አልሰራም ይላሉ። ጴንጤ ጎረቤቴ የኛን አይታ ወንበር ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነብበት ዝቅ ያለ አሰርታለች፣ እሷም ወዳዋለች።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ አርጉኝ አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የመጽሐፋችሁን ቁመትና ወርድ ለኩ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው፣ ለአብይ ጾም መግቢያ የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ ከጥምቀት በፊት እዘዙ፣ ያኔ ሰልፍ ነው።