ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ወይስ ላሊበላ? ወሎ ላይ ጠቅልሎ ለሚገባ ሰው

ከዲሲ፣ ከጅዳ፣ ከቶሮንቶ ስልክ በተደወለ ቁጥር ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ወሎ የት ብንገባ ይሻለናል?» ጠያቂው አንዳንዴ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው። አንዳንዴ ደግሞ እዚያው የተወለደ፣ አማርኛው የሚያስቸግረው፣ ወይም የውጭ ሰው ያገባ ነው። ለዚህኛው ወሎ የወላጆቹ አገር ብትሆንም ለእሱ አዲስ አገር ናት። ይህን የምጽፈው በተለይ እሱን እያሰብኩ ነው።

ብዙ ሰው የሚመርጠው ለበዓል መጥቶ ባየው ነው። በግ ታርዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቡና ሲፈላ የማያምር ከተማ የለም። ዕድሜውን ሊኖር የሚመጣ ሰው ግን ሌላ ነገር ማየት አለበት። ሌሊት ሲያመው የት ይሄዳል? ነሐሴ ላይ ቤቱ ምን ይሆናል? ሲቸግረው ደጁን የሚያንኳኳ ጎረቤት አለው? ከተሞቹን የማነጻጽራቸው በእነዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን ወረቀቱን እንጨርስ። ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ የምንለውን መታወቂያ ማውጣት ይችላል። ከወላጅ፣ ከአያት ወይም ከቅድመ አያት አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ ይበቃል። ካርዱ ካላችሁ ቪዛም፣ የመኖሪያ ፈቃድም፣ የሥራ ፈቃድም አትጠየቁም። ቤትም በስማችሁ ይሆናል። መምረጥና መመረጥ ግን የለም። የትዳር ጓደኛችሁ የውጭ ዜጋ ከሆነ የእሱን ወይም የእሷን ጉዳይ ለብቻው ኢሚግሬሽን ጠይቁ፤ ከእናንተ ካርድ ጋር አብሮ ያልቃል ብላችሁ አትቁጠሩ። ይህ ሁሉ የትም ብትገቡ ያው ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ደሴ

ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል ተሰንቅራለች። ብርዱ እውነተኛ ብርድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ላይ ብርድ ልብስ ይደራረባል። ክረምት ላይ ጉሙ ወርዶ ፒያሳ ላይ ቆማችሁ የመንገዱን ማዶ የማታዩበት ጠዋት አለ። ከሙቅ አገር ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ወባ ደሴ ከተማ ላይ ብዙ አታሳስብም።

የደሴ ትልቁ ጥቅም ሕክምናው ነው። ከሰሜንም፣ ከምሥራቅም፣ ከአፋር በኩልም የታመመ ሰው የሚላከው ወደ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም እዚያው አፍንጫ ሥር ነው፤ በቆዳና በዓይን ሕክምና ስሙ የታወቀ። የግል ክሊኒኩም ብዙ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ስላለ ሐኪምና መምህር ከተማዋ ውስጥ አይጠፋም። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት በየወሩ ለሚወስድ ሰው ይህ ከአየሩም፣ ከመልክዓ ምድሩም ይበልጣል። ከበድ ላለው ነገር፣ ለልብ ቀዶ ሕክምና ለምሳሌ፣ አዲስ አበባ መሄዱ አይቀርም። ያን ከአሁኑ በበጀታችሁ ያዙት።

የደሴ ትልቁ ችግር ደግሞ መሬቱ ነው። ከተማዋ ሜዳ የላትም። ቤቶቹ ተዳፋት ላይ ተደራርበው ነው የቆሙት፤ ክረምት ሲጠነክር መሬት የሚንሸራተትባቸው ሰፈሮች አሉ። ስለዚህ ደሴ ላይ ከቤቱ በፊት መሬቱን እዩ። ደላላው ሳሎኑን ሊያሳያችሁ ይቸኩላል። እናንተ መጀመሪያ ወደ ጓሮ ዙሩ። የድጋፍ ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ከሆነ ከኋላው ውኃ እየገፋው ነው። ግንቡ ላይ ውኃ ማስወጫ ቀዳዳ አለው ወይ? ግድግዳው ላይ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ ካለ፣ በተለይ ደግሞ በአዲስ ኖራ ተሸፍኖ ከሆነ፣ ጠርጥሩ። በሩ አልገጥም ብሎ እየተፋቀ መዘጋቱም ምልክት ነው። ከቤቱ በላይ ያለውን የመብራት ምሰሶና ዛፎቹን ተመልከቱ፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ መሬቱ እየሄደ ነው። በጋ ላይ እነዚህ ነገሮች ይደበቃሉ። ነሐሴ ላይ ሁሉም ፊት ለፊት ይታያል። እኔ ቤት በነሐሴ ሳላይ ግዙ የምለው ሰው የለም።

ሰዉንስ? የደሴ ሰው ቶሎ ይቀርባል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት፣ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚኖርበት አገር ነው። ለኢድ ትጠራላችሁ፣ ለገናም ትጠራላችሁ፤ በሁለቱም መጥራትም ይጠበቅባችኋል። በር ዘግቶ ለብቻ መኖር የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ሊጨንቀው ይችላል። ቡና ጠጡ ሲባል እንቢ ማለት እንደ ኩራት ይቆጠራል፤ አንድ ስኒ ብቻ ጠጥታችሁም ቢሆን ግቡ።

ኮምቦልቻ

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል። ከደሴ ጋር የ650 ሜትር ገደማ ልዩነት ማለት ነው፤ ለሰውነት ይህ ብዙ ነው። ደሴ ላይ ዳገት ወጥታ የምትተነፍሰው የጠፋት እናት ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ዘና ብላ ትሄዳለች። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ላለበት ሰው ያለ ማመንታት የምመክረው ኮምቦልቻን ነው። በእርግጥ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ግን ጥያቄውን ይዞ ይሂድ። ከፍታው ስለሚቀንስ ግን ወባ አለ። አጎበር መስቀል ነው።

አየር ማረፊያው እዚሁ ነው። ደሴ የሚገባ ሰውም የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ከሚሴንና ሸዋን አቋርጦ ከአዲስ የሚመጣው መንገድም፣ በባቲ ወደ ሚሌና ጂቡቲ የሚወርደውም እዚህ ይገናኛሉ። ንግድ ላሰበ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ወሎ ላይ የለም። ደረቅ ወደብ አላት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ቆዳው ሁሉ እዚህ ነው። ፓርኩ እንደታሰበው አልሮጠም፤ ጦርነቱም፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) መውጣቷም መትተውታል። ቢሆንም ሥራ የሚፈልግ ወጣት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል።

ፋብሪካ ባለበት ቆሻሻ አለ። ሌዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው ወደ ቦርከና ይገባሉ። ቤት ስታዩ በጠዋትም በማታም ሂዱ። ቀን ላይ የማይሸት ሰፈር ማታ ነፋሱ ሲዞር ሊሸት ይችላል። ጓሮ አትክልት አለማለሁ ያለ ሰው ደግሞ የሚያጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣ ሳያጣራ አይዝራ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነገሩ እንዲህ ነው። ለሕክምና ቅርበት፣ ለትምህርት ቤት አማራጭ፣ ለማኅበራዊ ሕይወት ደሴ ትበልጣለች። ለሰውነት ምቾት፣ ለግንባታ፣ ለሥራ፣ ለመንገድ ኮምቦልቻ ትበልጣለች። ኮምቦልቻ ኖሮ ለሕክምና ደሴ መውጣት በታክሲም ይቻላል። ችግሩ ሌሊት ነው። ሐረጎን ሌሊት በጉም ውስጥ የታመመ ሰው ይዞ መውጣት የሚመኙት ነገር አይደለም። ለአረጋውያን ኮምቦልቻን የምመክረው በአንድ ነገር ነው፤ መኪና ያለው ልጅ ወይም ጎረቤት አጠገባቸው ይኑር።

ልጆች ካሏችሁ አንድ ነገር አስቀድማችሁ አስቡ። በእነዚህ ከተሞች አንደኛ ደረጃ የሚማሩት በአማርኛ ነው። የግል ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ያበዛሉ፤ ጨዋታውና ጓደኝነቱ ግን በአማርኛ ነው። ትንሽ ልጅ በዓመት ውስጥ ይለምዳል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይከብደዋል፤ ከመምጣታችሁ በፊት ማንበብና መጻፍ አስጀምሩት።

ሐይቅ

ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውኃው፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ለስለስ ያለው አየር፣ ሁሉም ልብ ይሰርቃል። ጡረታዬን እዚህ ባሳልፍ የሚል ሰው አልፈርድበትም። የምፈራው የመሬት ሽያጩን ነው። ሐይቁ ዳር «ርካሽ ቦታ አለ» ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የገበሬ መሬት ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በሽማግሌ ፊት የተጻፈች ወረቀት ይዞ ቤት የሠራ ሰው የጨረቃ ቤት ነው የሠራው። አንድ ቀን ይፈርሳል፤ ገንዘቡን መልሱልኝ የሚለው ሰውም አያገኝም።

ከተማ ውስጥም ቢሆን የምትገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። የካርታውን (የይዞታ ማረጋገጫውን) ፎቶ ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ከማኅደሩ ጋር አስተያዩት። በካርታው ላይ ያለው ስም የሻጩ ነው? የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለበት? ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም ይፈርማሉ? ወንድም ወይም የአጎት ልጅ በውክልና እንዲገዛላችሁ ካደረጋችሁም ውክልናው በግልጽ «በእኔ ስም» ይበል። በዘመድ ስም ተገዝቶ በኋላ ቤተሰብ ያፋጀ ቤት ወሎ ላይ ስንት አለ።

ላሊበላና ወልዲያ

ላሊበላ ልዩ ናት። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዘገቡ፤ የከተማዋ ኑሮ ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው። በእንግዳ ማስተናገድ ሥራ ለሚተዳደር ሰው ከእሷ የሚወዳደር የለም። አየር ማረፊያም አላት። ግን እንግዳ ሲጠፋ ከተማው ሁሉ ጾሙን ያድራል፤ በኮሮናና በጦርነቱ ጊዜ አይተነዋል። ውኃ ያስቸግራል። በመኪና ስትመጡ ወልዲያን አልፋችሁ ጋሸና ላይ ትታጠፋላችሁ፤ ሩቅ ነው። ለሥራ ከሆነ እሺ፣ ለጡረታ ግን አልመክርም።

ወልዲያ በመካከለኛ ከፍታዋ፣ በዩኒቨርሲቲዋና በመንገድ መገናኛነቷ ጥሩ ከተማ ናት። ቤተሰብ ካላችሁ ግቡ። ከሌላችሁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ይሻላችኋል።

ጸጥታውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆይተዋል፤ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። በርቀት የሚሠራ ሰው ይህን ሳይመዝን ሥራውን ይዞ አይምጣ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁልጊዜ ለጥቂት ወራት የሚበቃ በቤቱ ይኑረው። የትኛውም ከተማ ቢሆን ሳትነሱ የዚያን ሳምንት መንገድ ጠይቁ።

እኔን ከጠየቃችሁ መጀመሪያ ተከራዩ፤ ክረምቱን ተቀመጡበት፤ ከዚያ ግዙ። ልጅ ያላችሁ ደሴ፣ አረጋዊ የያዛችሁ ወይም ንግድ ያሰባችሁ ኮምቦልቻ። በተከራያችሁበት በመጀመሪያው ወር ደግሞ የሰፈሩን ቅሬ ዳኛ ጠይቃችሁ ተመዝገቡ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው እዚህ ቅሬ የምንለው። መዋጮው ትንሽ ነው። ዋናው መገኘቱ ነው፤ ለቅሶ ላይ ታዩ፣ ድንኳን ትከሉ፣ ውኃ ቅዱ። የውጭ ዜጋ የሆነው ባል ወይም ሚስትም አብረው ይምጡ፤ ቋንቋ ባይችሉ አጠገባችሁ መቀመጣቸው ይበቃል።