ፕሪንተሩን ከሰው ኮምፒውተር ነቅለን ለቤቱ ሰጠነው፦ ዘጠኝ ወር ከራስበሪ ፓይ ጋር

ቤታችን ውስጥ ያለው ፕሪንተር አንድ ነው። ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያትም ሌዘር ነው። ዋይፋይ የለውም፤ የሚሠራው በዩኤስቢ ገመድ ብቻ ነው። ግን ጤነኛ ነው፤ ቶነሩም እንደ ልብ ይገኛል። ዋይፋይ የለውም ብዬ ልጥለው አንጀቴ አልቻለም።

ፈላጊው ደግሞ ብዙ ነው። እኔ ተርጓሚ ነኝ፤ የጻፍኩትን ወረቀት ላይ ካላየሁት ስህተቱ አይታየኝም። ባለቤቴ የቢሮ ደብዳቤ አለው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት በቴሌግራም የሚላክ ወርክሺት አላቸው። ግቢው ጀርባ ሰርቪስ ቤት የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የማስተርስ ጽሑፉን እየጻፈ ነው።

ለሦስት ዓመት ፕሪንተሩ ባለቤቴ ዴስክቶፕ ላይ ተሰክቶ፣ ከዚያ በኔትወርክ ሼር ተደርጎ ቆየ። ሲሠራ ጥሩ ነው። ዴስክቶፑ ከጠፋ ግን ፕሪንተርም የለም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ልጄ ስልክ ይዛ፣ መንገድ ላይ ያለ አባቷን «አባዬ፣ ኮምፒውተርህን ላብራው?» ብላ ስትጠይቅ ሰምቼአታለሁ። አንድ ገጽ ለማተም የሌላ ሰው ኮምፒውተር መከፈት አለበት። ይሄ ነገር ልክ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ፕሪንተር እንደ ራውተሩ የቤቱ ዕቃ መሆን አለበት።

በዚያ ላይ በኮምፒውተሮች መካከል ሼር ማድረግ ከድሮው ከበድ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2021 «ፕሪንት ናይትሜር» የተባለው የዊንዶውስ የደህንነት ቀዳዳ ከተገኘ ወዲህ ቁጥጥሩ ጠብቋል። መጥበቁ ትክክል ነው። ግን ለቤት ተጠቃሚ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነ።

መንገዱ ራስበሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው ሆነ። ከማስቲካ ፓኬት ብዙም የማይበልጥ ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ሲወጣ ዋጋው 15 ዶላር ነበር። የእኔን እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ሚሞሪ ካርድ፣ ቻርጀርና ትልቁን የዩኤስቢ ገመድ የሚቀበል ትንሽ መቀየሪያ ነው። ፓይዋ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ጫፍ ላይ ያለው የኃይል ነው፤ ወደ መሃል ያለው የዳታ ነው። ፕሪንተሩ የሚሰካው የዳታው ላይ ነው።

ሥራውን የሚሠራው ካፕስ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ነው። ማኪንቶሽ ኮምፒውተሮች ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያትሙት በዚሁ ነው። ስለዚህ የሙከራ ነገር አይደለም፤ ብዙ ዓመት የተፈተነ ነው። ፓይዋ ላይ ከተጫነ በኋላ፣ ከማንኛውም የቤቱ ኮምፒውተር በብራውዘር የኔትወርክ አድራሻዋንና የካፕስ መግቢያ የሆነውን 631 ቁጥር ጽፎ መግባት ነው። ፕሪንተሩን ትመርጣላችሁ፤ «ሼር አድርግ» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። ፓይዋ የምትሠራው በሊኑክስ ነው፤ ፕሮሰሰሯም አርም የሚባለው፣ ስልኮች ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። የፕሪንተር ኩባንያዎች ለሊኑክስ የሚያወጡት ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላይ ነው። የእናንተ ሞዴል ሰዎች በነጻ የጻፉለት ድራይቨር ከሌለው ገንዘባችሁን አታውጡ። የእኔ ነበረው።

ስልኮቹ ላይ ምንም አልጫንኩም። አይፎኑ ኤርፕሪንት በሚባለው የራሱ የማተሚያ አገልግሎት አገኘው፤ አንድሮይዶቹም ውስጣቸው ባለው የማተሚያ አገልግሎት አገኙት። ላፕቶፖቹ ላይ በስም ከመፈለግ ይልቅ አድራሻውን ራሴ ጻፍኩላቸው። ራውተሩም ለፓይዋ ሁልጊዜ 192.168.1.50ን እንዲሰጣት አደረግሁ። ይህቺን ነገር አትዝለሏት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ አድራሻውን እንደ አዲስ ያድላል። አድራሻው ከተቀየረ ላፕቶፑ ፕሪንተሩን የድሮ ቤቱ ሄዶ ሲያንኳኳ ይውላል።

አሁን ያልጠበቅሁትንና በጣም የወደድኩትን ልንገራችሁ፤ የፊደላችንን ነገር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ግን ዛሬም እጄ ይገባሉ። እነዚያ ፎንቶች የእኛን ፊደል ያስቀመጡት በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ነው። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ «ሀ» የነበረው የእንግሊዝኛ ፊደልና ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ኒያላ የሚባለው የታወቀው የአማርኛ ፎንት እንኳ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ለብቻው ካልተጨመረ የለም። እኔ ድሮ ሰነዱን በፍላሽ ይዤ ባለቤቴ ዴስክቶፕ ላይ ስከፍተው መስመሩ ይዛወራል፤ 12 ገጽ የነበረው 14 ይሆናል። አንድ ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀት ትርጉም ላይ የሰንጠረዡ አንድ ረድፍ ወደ ሁለተኛው ገጽ ወርዶ ታተመ። ደንበኛዬ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። አሁን ሰነዱ የሚከፈተው ፎንቱ ያለበት የራሴ ላፕቶፕ ላይ ነው። ወደ ፓይዋ የሚሄደው ተስሎ ያለቀ ገጽ ነው። እዚያ ፎንቱ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። በዘጠኝ ወር ውስጥ አንድም ፊደል አልተበላሸብኝም።

ያስቸገረኝ ወንድሜ ነው፤ ማለቴ ሰርቪስ ቤቱ። ዋይፋዩ እዚያ ስለማይደርስ በገመድ ሁለተኛ ራውተር አስገብተንለታል። ኢንተርኔት ይሠራል፤ ፕሪንተር የለም። ሁለት ሳምንት ፓይዋን ስጠረጥር ከረምኩ። በኋላ የስልኩን አድራሻ ሳየው በ192.168.0 ይጀምራል። የእኛ በ192.168.1 ነው። ገመዱ የገባው ሁለተኛው ራውተር ኢንተርኔት መቀበያ ቀዳዳ ውስጥ ስለነበር፣ ሰርቪስ ቤቱ የራሱን ኔትወርክ መሥርቶ ተቀምጧል። ፕሪንተሩ «አለሁ» እያለ የሚያሰማው ጥሪ ደግሞ ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላ አይሻገርም። ገመዱን ወደ ተራዎቹ ቀዳዳዎች አዛወርኩት፤ የሁለተኛውንም ራውተር አድራሻ ማደል አጠፋሁት። በዚያው ደቂቃ ፕሪንተሩ ስልኩ ላይ ብቅ አለ። ቤታችሁ ሁለት ራውተር ካለ መጀመሪያ የምታዩት ይሄንን ይሁን።

ሁለተኛው ፈተና መብራት ነው። አራተኛው ወር ላይ መብራቱ በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። ከሦስተኛው በኋላ ፓይዋ አልነሳ አለች። ካርዱ ላይ እየተጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥ ፋይሉ ይበላሻል። ሁሉንም ከዜሮ ጀመርኩ፤ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አደረግሁ። ካርዱን ለንባብ ብቻ የሚያደርገውን «ኦቨርሌይ» የሚባል ምርጫ አበራሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ካርዱ ላይ ሳይሆን የፓይዋ ጊዜያዊ ሚሞሪ (ራም) ላይ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል እንጂ ካርዱን አይነካም። ካርዱንም ኮፒ አድርጌ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ መብራት እንደሄደ አልቆጠርኩም። ሲመጣ ፓይዋ ራሷ ትነሳለች፤ ማንም አይነካትም።

ይሄ መፍትሔ ግን የሚያስከፍለው ነገር አለ። የፓይዋ ራም 512 ሜጋባይት ብቻ ነው። ለማተም የተላከው ሰነድም፣ ጊዜያዊ ፋይሉም እዚያችው ላይ ይጨናነቃሉ። ለጽሑፍ ችግር የለውም። በስካነር የተነሳ 80 ገጽ መጽሐፍ ስልክላት ግን መንገድ ላይ ቆመች። አሁን ሃያ ሃያ ገጽ እየከፈልኩ እልካለሁ። ከባድ ስካን በብዛት የምታትሙ ከሆነ ትልቁን ራስበሪ ፓይ ግዙ።

ሌላው የደህንነት ጉዳይ ነው። በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ካፕስ ውስጥም ከባድ ቀዳዳዎች ተገኝተው ተደፍነዋል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ኦቨርሌዩን አጥፍቼ አፕዴት አደርጋታለሁ፤ ከዚያ መልሼ አበራዋለሁ። 631 ቁጥርን ደግሞ ከውጭ ኢንተርኔት እንዲገባበት በፍጹም አልከፍትም። እንግዳ ሲመጣም የሚሰጠው የእንግዳ ዋይፋይ ነው፤ ከዚያ ፕሪንተሩ አይታይም።

በዘጠኝ ወር አራት ደስጣ ወረቀት ጨርሰናል። ግማሹ የእኔ ነው። ቤታችሁ ያለው ፕሪንተር ዋይፋይ ካለው ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልጋችሁም፤ አድራሻውን ራውተሩ ላይ አስራችሁ ተጠቀሙበት። ባለገመድ ሆኖ ጤነኛ ፕሪንተር ያላችሁ ግን ሞክሩት። ትናንት ማታ ባለቤቴ ዴስክቶፑን አጥፍቶ ተኝቶ ነበር። ወንድሜ ሁለተኛውን ምዕራፍ፣ 62 ገጽ፣ ከሰርቪስ ቤቱ ላከው። ጠዋት ቡና ላፈላ ስነሳ ትሪው ላይ ተደርድሮ አገኘሁት፤ በማስያዣ ክሊፕ ይዤ በልጄ እጅ ላክሁለት።